ሸክላው ሽፋኑን እንዳይቀድደው

ከውጭ የማስመጣቸው የክላሲካል ሙዚቃ ሸክላዎች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የታተሙ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሸክላው በመንገድ እንዳይሰበር ነው። በጉዞ የሚጎዳው ግን ብዙውን ጊዜ ሽፋኑ ነው፤ ጉዳቱን የሚያደርስበትም ራሱ ሸክላው ነው። ጥቅሉ በጠርዙ ሲወድቅ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሸክላ ተንሸራትቶ በሙጫ የተያያዘውን ጠርዝ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሽፋኖች ጠርዛቸው ወደ ጀርባ ታጥፎ የተለጠፈ በመሆኑ ሙጫው ከደረቀ በኋላ ይህን ግፊት አይችሉትም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ሻጩን የምለምነው ሸክላውን ከሽፋኑ እንዲያወጣው ነው። አሮጌው የውስጥ ወረቀት ባዶውን ሽፋኑ ውስጥ ይቀራል፤ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታልና አይጣልም። ሸክላው አዲስ ከረጢት ውስጥ ይገባና ከሽፋኑ ጀርባ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በአንድ ፕላስቲክ ይያዛሉ። ፋብሪካው እንዳሸገው ያለ ከሆነ ግን አይነካም፤ ያኔ ተስፋዬ ካርቶኑ ላይ ነው።

ፕላስቲኩ ፖሊኤቲሊን ይሁን እላለሁ። መስታወት የሚመስለው ለስላሳ ፒቪሲ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን የሚለሰልስበት ኬሚካል ከጊዜ ጋር እየወጣ በሸክላው ላይ ታጥቦ የማይለቅ ጉም ሊያስቀር ይችላል። በክላሲካል ሙዚቃ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ጉሙ በድምፁ ላይ የሚያመጣው፣ በሌላ ሙዚቃ ከበሮና ጊታር የሚሸፍኑት ሹክሹክታ፣ አንድ ቫዮሊን ብቻውን በዝግታ ሲጫወት ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

ከፊትና ከኋላ የሚደገፍባቸው ካርቶኖች ከሽፋኑ ትንሽ ሰፋ ማለት አለባቸው፤ ማዕዘኑ የሣጥኑን ግድግዳ እንዳይነካ። የአንዱ ካርቶን ሸንተረር በቁም ከሆነ የቀጣዩ በአግድም ይደረጋል፤ እንዲህ ሲሆን በየትኛውም በኩል በቀላሉ አይታጠፍም። ፕላስተር ሽፋኑን በቀጥታ እንዳይነካው አጥብቄ እጽፋለሁ፤ ሲነሳ የፊቱን አንጸባራቂ ልባስ ይዞት ይሄዳል።

የኦፔራ ሣጥኖች ሌላ ጣጣ ናቸው። አራት አምስት ሸክላ ከነመጽሐፉ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ከተጓዘ ማዕዘኖቹ ይፈነዳሉ። ሸክላዎቹ ወጥተው ለየብቻ ይታሸጋሉ፤ ባዶው ሣጥን ክዳኑ እንዳይሰምጥ ቀላል ነገር ይሞላበታል።

ጥቅሉ ቀዝቅዞ ከደረሰ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳልከፍት አስቀምጠዋለሁ፤ አለበለዚያ እርጥበት ያዝላል። ካርቶኑ ከተጨፈለቀ ከመክፈቴ በፊት ፎቶግራፍ አነሳዋለሁ።

አንዳንድ ሻጭ «ለዓመታት እንዲሁ እየላክሁ ኖሬያለሁ» ይለኛል። ሸክላው በብዛት የታተመ ከሆነ አመስግኜ ሌላ ቅጂ እጠብቃለሁ። በቀላሉ የማይገኝ ከሆነ ግን ኩራቴን ትቼ የማሸጊያውን ወጪ እኔ ልቻል ብዬ እለማመጣለሁ።