ጅማ ላይ የማንን ቋንቋ ማን ይማራል?

ጅማ ተወልዶ ላደገ ሰው ሁለት ሦስት ቋንቋ መስማት ብርቅ አይደለም። ቤት አማርኛ፣ ጎረቤት ኦሮምኛ፣ ከጓሮ በኩል ደግሞ ዳውሮኛ ወይ የም ወይ ጉራጊኛ ይሰማል፣ ልጅ ሆነን ስንጫወት የትኛውን እያወራን እንደሆነ ራሱ አናስተውልም ነበር። ክርስቲያኑም ልጅ ሲምል "ወላሂ" ነው ሚለው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔን ሁሌ ሚያሳስበኝ ግን ስንት ቋንቋ እንችላለን የሚለው አይደለም፣ ማን የማንን ቋንቋ ተማረ የሚለው ነው። ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ወደ ሌላው ቋንቋ መሻገር አለበት፣ የሚሻገረው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጉዳይ ያለው፣ የቸገረው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ከተማ ውስጥ ማን ማንን እንደሚፈልግ ማወቅ ከፈለጋችሁ ማን በማን ቋንቋ እንደሚያወራ መስማት ይበቃል።

ቡና በሚገባበት ሰሞን ሄዳችሁ ስሙ። አንድ የማውቀው ቡና ሰብሳቢ አለ፣ ቤተሰቦቹ ጉራጌ ናቸው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ በማዳበሪያ ጭኖ ሲመጣ "አከም ቡልተን" ብሎ ይቀበለዋል፣ ስለ ዝናቡ ስለ ልጆቹ ስለ ከብቱ ሳይጠይቅ ወደ ዋጋ አይገባም፣ ከዛ እጁን ከቶ ጀንፈሉን አፈስ አድርጎ እርጥበቱን ያያል፣ በፈረሱላ ይከራከራሉ፣ ሁሉም በኦሮምኛ ነው። መሀል ላይ ስልክ ሲደወልለት አዲስ አበባ ላለው ሰው በአማርኛ ያወራል፣ ደብተሩ ላይ ሂሳቡን የሚመዘግበውም በአማርኛ ነው፣ እናቱ ምሳ ይዘው ሲመጡ ደሞ ጉራጊኛ። ተማር ብሎ ያስገደደው የለም። ገበሬው በቋንቋው ካላናገሩት ጭነቱን ይዞ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳላ፣ በቃ።

ይሄ ደሞ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እዚሁ ጅማ ያለው የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራቡ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ነበር፣ ከሰሜን የሚመጣውም ነጋዴ፣ አፍቀላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎችም እዛ ነበር የሚገናኙት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደሩን ግን ራሳቸው ይዘው ስለቆዩ ጅማ እስከ 1932 በፈረንጆቹ ድረስ ከብዙ ቦታ የተለየች ነበረች። አማርኛ እዚህ መጀመሪያ የደረሰው ከበቅሎ ጋር፣ በነጋዴ አፍ ነው ማለት ይቻላል፣ ነጋዴ ደግሞ ሲሰጥም ሲቀበልም ነው።

ሚዛኑ የተዛባው ቢሮ ሲመጣ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አማርኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሲያደርገው በወረቀት ላይ አንድ አንቀጽ ነው፣ ለገጠሩ ሰው ግን መሬቱን የሚከራከርበት ቋንቋ ማለት ነው። ሰፈራችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ስለ አባታቸው መሬት ፍርድ ቤት ቆመው ሌሎች ሲከራከሩ አንድም ነገር ሳይገባቸው ውለው፣ ውሳኔውን ደጅ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊው ነው የነገራቸው። የገዛ መሬታቸውን ጉዳይ! ያን ትውልድ አማርኛ ያስተማረው ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ቀንም ነው። 1971 ላይ መሠረተ ትምህርት ሲጀመርና እያደር በ15 ቋንቋ ሲሰጥ ኦሮምኛም በግዕዝ ፊደል ገባ፣ 1984 ላይ ቁቤ፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ መጣ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ደሞ ሁሉም ቋንቋ በመንግሥት እኩል እውቅና ይኖረዋል አለ።

አሁን ቢሮው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሰራው። ዘመዶቼ ውስጥ ቀበሌ ሄደው ፎርም የሚሞላላቸው ሰው ፈልገው ሲመለሱ የሚያማርሩ አሉ፣ እንዴት እዚሁ ተወልደን ይላሉ። እኔ ግን በግልጽ ነው የምነግራቸው፣ እዚሁ ተወልደን 40 ዓመት ኖረን የጎረቤታችንን ቋንቋ አለመጻፋችን ነው ሊያስገርመን የሚገባው። ያኔ ገበሬው ተጣጥሮ ያደረገውን ነው ዛሬ እኛ እንድናደርግ የተጠየቅነው፣ እሱ ደሞ ያለ አስተማሪ ነበር ያደረገው። የማዝነው ለሌላ ሰው ነው። ከዳውሮ ወይ ከየም መጥተው አማርኛን በስንት መከራ ተምረው፣ ከተማው ውስጥ መግባቢያዬን አገኘሁ ብለው፣ በስተርጅና እንደገና ሌላ የሚጠየቁ እናቶች አሉ። ለነሱ የቢሮው ሰው ትንሽ ቢታገስ ምን አለበት እላለሁ።

እስካሁን ያወራሁት በገበያና በቢሮ ነው፣ ይሄን ሁሉ የጻፍኩበት ምክንያት ግን ሆስፒታል ነው።

አክስቴ ታማ አንድ ሆስፒታል ተኝታ እኔ ነበርኩ አስታማሚ። ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ ከዴዶ የመጡ እናት ነበሩ፣ የሚያስታምማቸው ገና ጢሙ ያልወጣ ልጃቸው። ጠዋት ራውንድ ሲመጣ ሐኪሞቹ እርስ በርስ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ፣ ከዛ አንዱ ኢንተርን፣ ገና ልምምድ ላይ ያለ ሐኪም፣ ጎንበስ ብሎ "እናቴ ምን ይሰማዎታል?" አላቸው በአማርኛ። ልጁ ወደ ኦሮምኛ መለሰላቸው። እሳቸው ረዘም አድርገው፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ፣ መሀል ላይ ልጁን አዩትና ቆም አሉ፣ ከዛ በአጭሩ ጨረሱት። ልጁ "ሆዷን ያማታል ነው ምትለው" አለ። ተጻፈ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ታለፈ።

ማታ ልጁ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አክስቴ በኦሮምኛ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። ደም እየፈሰሳቸው ሰንብቷል። እስቲ አስቡት፣ አንዲት የገጠር እናት ይሄን እንዴት ብላ በወንድ ልጇ አፍ ለወንድ ሐኪም ትናገር? አክስቴ ነርሷን አስጠራች፣ ነርሷ የጅማ ልጅ ናት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በቋንቋቸው አናገረቻቸው፣ በማግስቱ ወደ ማህፀን ክፍል ተዛወሩ። ነርሷ እንኳን የጅማ ልጅ ሆነች!

ኢንተርኑን አልወቅሰውም፣ ከጎጃም የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ነው የተለወጠው። ከዛ በኋላ እኛ ጋ ሲደርስ የት ያምዎታል እንዴት ነው የሚባለው እያለ ይጠይቀን ጀመር፣ የጓንት ማሸጊያ ወረቀት ጀርባ ላይ በአማርኛ ፊደል "ኤሳ ሲ ዹኩባ" ብሎ ጻፈ። አክስቴ ተኝታም ቢሆን አላለፈችውም፣ "ለትልቅ ሰው 'ሲ' አይባልም ልጄ፣ 'ኢሲን' በል" አለችው፣ ሰርዞ ጻፈው። እዛ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉዳይ ያለበት ሰው ሐኪሙ ሆነ፣ ታማሚዎቹ ደግሞ አስተማሪዎች፣ እና እመኑኝ የክፍሉ አየር ራሱ ነው የተለወጠው፣ ሲጠየቁ አዎ አይ ብቻ ይመልሱ የነበሩ ሴቶች ማውራት ጀመሩ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ጥሩ ነው። ሳይከሰሱ ታመው የተኙት እናት ግን ያላቸው አስተርጓሚ የገዛ ልጃቸው ብቻ ነበር። ሐኪም ስንት ቋንቋ ሊማር ነው የሚሉ አሉ፣ ዛሬ ጅማ ነገ ሌላ ቦታ ይመደባል፣ ጊዜስ ከየት ያመጣል። ልክ ናችሁ፣ ዘላለም ስለሚኖርበት ቋንቋ አይደለም ማወራው። ዋርድ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ሳምንት፣ ሰላምታውን፣ የሰውነት ክፍሎችን፣ መቼ ጀመረዎት የሚለውንና በአክብሮት መጥራትን ይማር፣ ልክ እንደ ሰብሳቢው። ለቀረው ደግሞ ደሞዝ የሚከፈለው አስተርጓሚ ይቀጠር፣ ቤተሰብም ጎረቤትም ያልሆነ፣ ምስጢር መጠበቅ ግዴታው የሆነ፣ ለሴቶች ክፍል ደግሞ ሴት።