ጋሼ የሌሉበት ፋሲካ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ሐዋሳ ላላችሁ፣ ከሐዋሳ ርቃችሁ ሐይቁ ለሚናፍቃችሁ፣ ቅዳሜ ማለዳ የጫማችንን ክር አጥብቀን አብረን ለምንወጣ የእግር ጉዞ ክበባችን ልጆች፣ ፎቶዎቻችንን እያያችሁ «እኛንስ መቼ ነው የምትወስዱን?» ለምትሉን ሁሉ፤ በዓሉ የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ። ሁዳዴውን ጨርሳችሁ ለመፈሰክ የበቃችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ሌላ እምነት ያላችሁ ጓደኞቻችንም ነገ እንደለመድነው ከየቤቱ ስለምንቃመስ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

ቤታችን ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ዶሮው ዘንድሮም ውድ ነው፣ ቅቤውም ውድ ነው። ግን ተገኝቷል፣ ተመስገን። ልጆቹ ከገብርኤል ያመጡትን ቄጤማ ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ ይሯሯጣሉ። ለእኔም አስረውልኛል። ደስ የሚል አጭር መልእክት ልጽፍላችሁ ነበር የተቀመጥኩት። ቄጤማው ግን ወደ ክበባችን አዛውንት፣ ወደ ጋሼ ወሰደኝ። እሳቸውን አልፌ ሌላውን መጻፍ አልቻልኩም።

አምና በማዕዶት ሰኞ ተሰብስበን ወጥተን ነበር። እረፍት ላይ ጋሼ አንዷ ልጅ እጇ ላይ ያሰረችውን ቄጤማ ያዝ አደረጉና «ይሄ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» አሉን። አንዱ «ከቤተ ክርስቲያን» አለ። ጋሼ ሳቁ። «ቤተ ክርስቲያንስ ከየት አመጣው?» ዝም አልን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይዘውን ሄዱ።

ጥቁር ውሃን ከሻሸመኔ ስንመጣ በድልድዩ እናውቀዋለን። ጋሼ ግን ከድልድዩ ወደ ላይ አወጡንና ጨለለቃ ረግረግ ዳር አቆሙን። እዚያ ቦታ በ1960ዎቹ ክፍት ውሃ ያለው ሐይቅ ነበር። ዛሬ ሣርና ጭቃ ነው፣ ከብት ይግጥበታል። ከላይ ያሉት ተራሮች ዛፋቸው ሲመነጠር አፈሩ ወረደ። የወረደው አፈር ጨለለቃን ሞላው። «አሁን የቀረን ይሄ ሣርና ቄጤማ ነው» አሉን። «እስካሁን ደለሉን የሚይዝልን እሱ ነው። እሱም ካለቀ ደለሉ ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ሐይቃችን ደግሞ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ ጎርፍ ይገባበታል፣ ተነስቶ የሚሄድ ግን የለም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ ደግሞ የመጨረሻው ጥልቅ ቦታ ላይ እንኳ ከ20 ሜትር ትንሽ ነው የሚያልፈው። የገባበት አፈር፣ የላስቲክ ጠርሙስ፣ የመኪና እጥበት ዘይት፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል። ፍቅር ሐይቅ በምንለው ዳርቻ ተቀምጠን ነፋሱን ስንቀበል ይሄ አይታየንም። ጋሼ ግን ያንን ነበር የሚያዩት።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ። ወንዶ ገነት አካባቢ ችግኝ ሲያፈሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ልጃቸው ጋ ሐዋሳ መጡ። ክበባችን ሲጀመር ዓላማው ቀላል ነበር። ከከተማ መውጣት፣ ላብ ማውጣት፣ ታቦር ተራራ ጫፍ ሆኖ ሐይቁን ማየት። ጥሩ ዓላማ ነው፣ ዛሬም አልተውነውም። ጋሼ አንድ ቅዳሜ የላስቲክ ጫማቸውን አድርገው መጡና «ከእናንተ ጋር ልሂድ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ቀርተው አያውቁም ነበር፣ እስከታመሙበት ጊዜ ድረስ።

አካሄዳቸው ቀስ ያለ ነበር። ቦረቦር ባዩ ቁጥር ይቆማሉ። አላሙራ ተራራ ላይ ዝናብ የቆረጠውን እያንዳንዱን ቦረቦር ያውቁታል። እኛ ችግኝ ይዘን ስንሄድ እሳቸው ድንጋይ ያስለቅሙን ነበር። «ውሃው እየሮጠ ከሆነ ችግኙን መልሱት» ይሉናል። «መጀመሪያ ውሃውን አስቁሙት።» የድንጋይ ክትር አሠራር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይገባል፣ መሠረቱ ተቆፍሮ ይቀበራል፣ መሐሉ ከዳሩ ዝቅ ይላል። አለዚያ ውሃው በጎን ይዞርና ግድግዳውን ይበላዋል። ከክትሩ ጀርባ አፈር ሲጠራቀም፣ እርጥበት ሲይዝ፣ ሣሩ ራሱ ይመጣል። ችግኙ ከዚያ በኋላ ነው። ግማሽ ጨረቃ የሚመስል የውሃ መያዣ ጉድጓድ ቆፍረን ዋንዛና ወይራ የተከልንባቸው ቦታዎች ዛሬ ሣራቸው ጉልበት ይደርሳል።

ሌላው ትምህርታቸው ከበድ ይል ነበር። ሐምሌ ላይ ሰው አይጠፋም። በ2011 አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ የማይዝ የለም፣ እሰየው ነው። ጋሼ የሚጠይቁን ግን የካቲት ላይ ነው። ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ማን ነው? የዘንድሮን የካቲት ያለ እሳቸው ወጣነው። በጾም አፋችሁን ሳትፈቱ ጀሪካን የተሸከማችሁ ልጆች ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከልቤ አመሰግናችኋለሁ።

አንድ ቀን ከአላሙራ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት አገኘን። ሸክሙ ወገቧን አጉብጦታል። ከእኛ አንዱ ተናደደና ሊናገራት ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። ሸክሟን አስወርደው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ውሃ ሰጧት። ከዚያ «ልጄ፣ በስንት ትሸጪዋለሽ? በቤትሽስ በምንድን ነው የምታበስይው?» እያሉ ያወሯት ጀመር። ስድስት ልጆች አሏት። የሚመለከተው ሁሉ ከሚሰጠው የክልከላ ትእዛዝ በፊት የልጆቿ እራት ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ክበባችን ከሚያዋጣው ላይ ለእሷና ለጎረቤቶቿ የተሻሻለ ምድጃ ገዛን። ችግኞቹን ከፍየል የምትጠብቅልን ዛሬ እሷ ናት። ተራራውን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ስለሆነች፣ ሥራው ለእሷ ይገባል። እናቴ፣ እንኳን አደረሰሽ። ይሄንን ልጅሽ ያነብልሻል።

ጋሼን ካሳቋቸው ታሪኮች አንዱን እኔ ነኝ የነገርኳቸው። በአውስትራሊያ፣ በፈረንጆቹ 1931፣ ልክ በፋሲካ በዓል፣ እንደኛ ያሉ የእግር ተጓዦች ብሉ ማውንቴንስ ውስጥ ግሮዝ በሚባል ሸለቆ ይሰፍራሉ። እዚያ አንድ ሰው ያገኛሉ። ሰውዬው ቦታውን ከመንግሥት ተከራይቶ ዛፎቹን ቆርጦ ለውዝ መሰል ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ሊተክልበት ነው። ተጓዦቹ ተሟገቱት። መጨረሻ ላይ 130 ፓውንድ ከተከፈለው መብቱን እንደሚለቅ ተስማማ። ዘመኑ ዓለም በኢኮኖሚ የወደቀበት፣ ሥራ የጠፋበት ጊዜ ነበር። የሲድኒ ተጓዦች ከዚያም ከዚህም ለምነውና ተበድረው ከፈሉ። በ1932 ጫካው ተከለለ። ዛሬም አለ።

ጋሼ በጥሞና ሰሙኝና «ዛፉ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?» አሉ። «ባሕር ዛፍ» አልኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ባሕር ዛፍ ለማዳን ገንዘብ አዋጡ?» ዕድሜ ልካቸውን ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም ብለው ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በምኒልክ ዘመን መጥቶ አገር የሞላው ዛፍ ነዋ። ትንሽ ቆይተው ግን ዝም አሉ። «ልክ ናቸው» አሉ። «እዚያ አገሩ ነው። ወፉም እንስሳውም እሱን ያውቀዋል። እኛም ለዋንዛችን፣ ለዝግባችን፣ ለቀረሯችን እንደዚያ ብናዋጣ።»

የሲዳማ ሽማግሌዎች ይሄንን ከጋሼም በፊት ሲሉት ኖረዋል። በ2008 ዩኔስኮ በመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ ላይ ሕዝቡን ከሚመክሩት ምክር አንዱ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው። ጋሼ በፍቼ ሰሞን በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሄደው ሽማግሌዎቹን ማዳመጥ ይወዱ ነበር። ቋንቋውንም ጥሩ አድርገው ይናገሩት ነበር።

ኅዳር ላይ ቀበርናቸው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ አልሰጣቸውም። ሆስፒታል ተኝተው ስንጠይቃቸው «ክትሩ እንዴት ነው? ክረምቱን ቻለው?» ነበር የሚሉን። ችሎታል አልናቸው። እውነትም ችሎታል። ለቀብሩ ያቺ የአላሙራዋ እናት ከጎረቤቶቿ ጋር በእግሯ መጣች። ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ እንዴት እንዳለቀሰች አልረሳውም። የገዛ አባቷን የቀበረች ነበር የምትመስለው።

እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ነገ ያለ እሳቸው የመጀመሪያው ፋሲካዎ ነው። ብቻዎን አያሳልፉትም። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም እንመጣለን። ድፎው ከእኛ ነው፣ እርስዎ ቡናውን ብቻ ያቀራርቡ። ያንን ሁሉ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ለእኛ ስለለቀቁልን፣ ቆሎ ቋጥረው ስለሸኟቸው፣ እንዴት ብለን እንደምናመሰግንዎ አናውቅም።

ሌሎችንም ላመስግን። ታቦር ሥር ጀበና ቡና የምታፈላው እህታችን፣ አካፋችንንና ዶማችንን ቤትሽ ስለምታሳድሪልን እግዚአብሔር ያክብርልሽ። ባጃጅህን ድንጋይ ጭነን አጉብጠናት አንድም ቀን ሒሳብ ያልተቀበልከን ወንድማችን፣ ጎማህን ያቆይልህ። የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች፣ ሐይቁ ውስጥ ተቆርጦ የቀረ መረብ ባገኛችሁ ቁጥር እያወጣችሁ ስለምታመጡልን እናመሰግናለን። ያ መረብ ማንም ሳያየው ዓሣም ወፍም ሲገድል ይኖራል። ጥር ላይ፣ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች በሚቆጠሩበት ሰሞን፣ እኛንም አሰልፋ ከአባ ኮዳው እስከ ፔሊካኑ ያስቆጠረችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ትዕግሥትሽን እናደንቃለን። ሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የሌለውን የስዋይን ቆርኬ ያሳየኸን ስካውት፣ መንጋውን ከነግልገሎቹ ስታሳየን ፊትህ ላይ የነበረውን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። እነዚያ እንስሳት በ1983 ለውጥ ሰሞን ተገድለው ሊያልቁ እንደነበር ስትነግረን ደግሞ ድምፅህ ተለውጦ ነበር። በዓሉን ሜዳ ላይ እንደምታሳልፈው አውቃለሁ። እንኳን አደረሰህ።

አንድ ሌላ ሰው አለ። በዚህ በጋ ሐይቁ ዳር ቄጤማው ላይ በገልባጭ የግንባታ ፍርስራሽ ያስደፋኸው ሰው። ስምህን አልጠራም። ለአንተም እንኳን አደረሰህ፣ ከልቤ ነው። አንተም ልጆች አሉህ፣ እነሱም ዛሬ ቄጤማ አስረዋል። ክረምቱ ሳይገባ አስነሳው። መኪናውን አምጣ እንጂ ጉልበቱ ከእኛ ነው። አካፋ ይዘን እንመጣለን፣ አንድም ክፉ ቃል አትሰማም።

ከእኛ ጋር መሄድ ለምትፈልጉ ደግሞ ይኸው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ታቦር ሥር ቡናው ጋ እንገናኛለን። ከዚያ ወደ አላሙራ ነው የምንሄደው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጋሼ ጀምረውት የቀረ አንድ ቦረቦር አለ፣ ከላይ ሦስት ክትር ይቀረዋል። ጓንት ያለው ጓንት ይዞ ይምጣ። ውሃ በኮዳ እንጂ በላስቲክ ጠርሙስ አይያዝ። ለልጆች የሚሆን ቀላል ድንጋይም ሞልቷል፣ አምጧቸው።

መልካም የትንሣኤ በዓል!