ቤዙ የት ሄደ?

ዛሬ ያመሸሁት በሙዚቃ ነው። መብራቱን አጥፍቼ፣ ማዳመጫዬን አድርጌ፣ የድሮ ጌም ዜማዎችን በሜታል ሮክ እንደገና ከተሠሩት ሪሚክሶቻቸው ጋር ጎን ለጎን ሰማሁ። መጀመሪያ ኦርጅናሉን፣ ቀጥሎ ሪሚክሱን፣ ከዚያ ተመልሼ ኦርጅናሉን። ጉዳዩን ግልጽ ያደረገልኝ ሦስተኛው ዙር ነው። ከሪሚክሱ ወደ ኦርጅናሉ የተመለሰ ጆሮ የጎደለውን ቶሎ ይለያል።

የጀመርኩት በሜጋ ማን 2 ነው። የዶክተር ዋይሊ ግንብ ዜማ። ጊታር የያዘ ሁሉ የሚሞክረው እሱን ነው፤ አይፈረድበትም። ታካሺ ታቴይሺ ሲደርሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 መሆኑ ነው፣ የፋሚኮም (የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ) የድምፅ ቺፕ የሰጠው አምስት ቻናል ብቻ ነበር። ሁለት ካሬ የድምፅ ሞገድ ለዜማው፣ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞገድ ለቤዙ (ከሥር ለሚሄደው ወፍራም ድምፅ)፣ አንድ የጫጫታ ቻናል ለከበሮው፣ አንድ ደግሞ ለአጫጭር የተቀዱ ድምፆች። በቃ። እሱም ሳያንስ ተጫዋቹ ሲተኩስ የተኩሱ ድምፅ ከእነዚሁ ቻናሎች ይነጥቃል። ሙዚቃው ለአፍታ ይሳሳል፣ ወዲያው ይመለሳል።

ይህ ዜማ በሜታል ለምን እንደሚያምርበት የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጊታር በዲስቶርሽን፣ ድምፁን በሚያሻክረው መሣሪያ፣ ሲገፋ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ክብ የነበረው ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ወደ ካሬ ይጠጋል። ቺፑና ጊታሩ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ጊታሩ ዜማውን ሲረከብ ባዕድ የማይመስለው ለዚህ ነው። ዛሬም ሪሚክሱ ሲጀምር ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ግን ቤዙ የት ሄደ?

ሦስት ማዕዘኑ ሞገድ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ የለውም። ወይ ይሰማል፣ ወይ ዝም ይላል። ከፍ ዝቅ አድርጎ ስሜት መስጠት ስለማይቻል፣ የዚያ ዘመን ደራሲዎች ስሜቱን በእንቅስቃሴ ሰጡት። ቤዙ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ዜማው ትንፋሽ ሲወስድ ክፍተቱን ይሞላል። ሜታሉ ላይ ግን ቤዙ የጊታሩን ወፍራም ክር እግር በእግር ይከተላል። ከሥር የከበሮው ዳብል ፔዳል ይደበድባል። ሁሉም ታች ያለችውን ጠባብ ቦታ ይሻማሉ። ያ ሯጭ ቤዝ እዚያ መሀል ተቀብሮ ይቀራል። ጉልበት አልጎደለም፣ እንዲያውም ተርፏል። የጎደለው ጨዋታው ነው። ኦርጅናሉ ላይ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ እሰማለሁ፤ ሪሚክሱ ላይ አንዱ ብቻውን ይጮኻል።

ዱም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የ1993ቱ ዱም ሙዚቃ፣ የቦቢ ፕሪንስ ሥራ፣ ሲጀመርም ሜታል ለመሆን የተነሳ ነው። ጊታር ግን አልነበረውም። ጌሙ የያዘው ኖታውን ነበር፣ ድምፁን የሚያወጣው የተጫዋቹ ኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ ነው። አንዱ ካርድ ላይ ጥዝዝ ይላል፣ ሌላው ላይ ወደ እውነተኛ መሣሪያ ይጠጋል። ታዲያ ኦርጅናሉ የቱ ነው? ለእኔ ጥዝዝ የሚለው ነው፣ መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ስለሆነ። ቢሆንም እዚህ ጋ ያለ ምንም ማመንታት ለሪሚክሱ አደላለሁ። ሪፉ፣ ያ የሚደጋገመው አጭር ሐረግ፣ ሲጠብቀው የኖረውን ጊታር አገኘ። (በ2016ቱ ዱም ሚክ ጎርደን ባለ ዘጠኝ ክር ጊታር ተጠቅሟል። ያ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ከዛሬው ንጽጽር ውስጥ አላስገባሁትም።)

በጣም የቆየሁት ፋይናል ፋንታሲ 6 ላይ ነው። ኖቡዎ ኡኤማትሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ለመጨረሻው ፍልሚያ የደረሰውን ረጅም ሥራ፣ በ2003 ብላክ ሜጅስ በተባለው ባንዱ ራሱ እንደገና አውጥቶታል። ባለቤቱ ራሱ ነውና ማን ምን ይለዋል። ኦርጋኑ ገዝፏል። ጌሙ የወጣበት፣ የፋሚኮም ተተኪ የሆነው የሱፐር ፋሚኮም የድምፅ ሜሞሪ 64 ኪሎባይት ነበር፤ ያ ሁሉ ኦርጋን እዚያ ውስጥ ነበር የተጨመቀው። አሁን ተፈትቶ ተለቀቀ።

እኔ ግን ኦርጅናሉን መረጥኩ። ለምን እንደሆነ ለማወቅ አራት ጊዜ ሰማሁት። ጌሙ ላይ ያ ፍልሚያ እርከን እርከን አለው። አንዱን እርከን እስክታሸንፍ ድረስ የሙዚቃው ክፍል እየተደጋገመ ይቆያል፣ ስታሸንፍ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ሙዚቃው እኔን ይጠብቀኝ ነበር። አንዱን ገጸ ባሕርይ ሳድን፣ ሌላውን ሳክም፣ እሱም እዚያው ይዞራል። ባንዱ አይጠብቅም፣ ጊዜው ሲደርስ ያልፋል። እንዲያ መሆኑ ትክክል ነው፤ ባንድ ከዚህ ሌላ ምን ያድርግ። ቢሆንም ያንን መጠበቅ ናፈቅኩት።

ከመተኛቴ በፊት ወደ ዋይሊ ግንብ ተመለስኩ። የድሮ ቺፕ ሙዚቃ የሚያጫውቱ ፕሮግራሞች ቻናሎቹን አንድ በአንድ መዝጋት ያስችላሉ። አራቱን ዘጋሁና ሦስት ማዕዘኑን ብቻውን ተውኩት። ለብቻው ሲሰማ ራሱ አንድ ዘፈን ነው። በአፌ እስክይዘው ደጋገምኩት። ከዚያ ሪሚክሱን ከፈትኩ። ጊታሩ ሲገባ ቤዙን እኔ አዜምኩለት።