በጾም የሚጋገር የፍስክ ብስኩት

ትናንት ከአማቴ ጋር ቫኒለኪፕፈርል የሚባለውን የጀርመኖች የገና ብስኩት ስንጋግር አመሸን። ቤቱ እስከ አሁን ቅቤ ቅቤ ይላል። ልጆቹ ከምድጃው ሥር አልጠፉም፤ አማቴም ሁለት ሦስቱን ቀመሱ። እኔ አልቀመስኩም። ጾም ነው።

ጀርመኖች የገና ብስኩታቸውን የሚጋግሩት ከበዓሉ በፊት ባሉት የአድቬንት ሳምንታት ነው። ዋናው ምሽታቸው ዲሴምበር 24፣ በእኛ ታኅሣሥ 15 ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባና የሚፈታው ታኅሣሥ 29 ነው። ስለዚህ እዚህ አገር የሚጋገረው የገና ብስኩት ሁሉ ጾሙ ላይ ያርፋል። እዚህ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ከተማ አጠገብ አግብቼ እንደመጣሁ ይሄ ነገር በጣም ያስጨንቀኝ ነበር። ሰው በፍቅር የጋገረውን ይዞ ቆሞ እምቢ ማለት ይከብዳል።

አሠራሩ የባለቤቴ አያት ነው። በአሮጌው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት በደብተር ሰፍሯል። ያ አጻጻፍ በፈረንጆቹ 1941 ከትምህርት ቤት ስለቀረ ባለቤቴ አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አይችልም። አማቴ ግን ከእናታቸው ተምረው ያነቡታል። ግማሽ ፉንት ቅቤ ይላል፣ ማለትም 250 ግራም፤ ዛሬም ሱቅ የሚሸጠው አንዱ ጥቅል ቅቤ ልክ ያን ያህል ነው። 350 ግራም ዱቄት፣ 125 ግራም የተፈጨ አልመንድ፣ 100 ግራም ስኳር፣ የ2 እንቁላል አስኳል። እርሾ የለው፣ ቤኪንግ ፓውደር የለው። እንዲፈረፈር የሚያደርገው ቅቤው ነው።

ሊጡ ከተቦካ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ በመዳፍ ማሽከርከር፣ ጫፍና ጫፉን ማቅጠን፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ማጠፍ። እጅ ከሞቀ ቅቤው ይቀልጥና ሊጡ አልታዘዝ ይላል፤ እኔ እየደጋገምኩ በቀዝቃዛ ውሃ እታጠባለሁ። በ175 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። መቅላት የለበትም፤ ጫፉ ብቻ ትንሽ ወርቃማ ሲል ይወጣል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የሚቀጥለው ነው። ቫኒላ በተቀላቀለበት ዱቄት ስኳር ውስጥ መንከባለል ያለበት ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ትኩሱን ከነኩት እጅ ላይ ይፈርሳል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ስኳሩ አይዘውም። መካከሏን ደቂቃ የሚያውቋት አማቴ ናቸው። የጣታቸውን ጀርባ አስጠግተው "አሁን" ይላሉ።

የአማቴ የእጅ መገጣጠሚያ ስለሚያማቸው ማሽከርከሩ አሁን የእኔ ሥራ ነው። መቅመሱ የእሳቸው። ሊጡ ስኳር ይነሰው ይብዛው እኔ በማሽተት ብቻ ነው የምገምተው፤ እሳቸው ቀምሰው ይነግሩኛል። ይሄ የሥራ ክፍፍላችን ደስ ይለኛል።

አንድ ጊዜ "ማርጋሪን አድርገን አስኳሉን ብንተወውስ? አንቺም ትቀምሺ ነበር" አሉኝ። ስለ እኔ ማሰባቸው ሆዴን አባባው። ግን አይሆንም አልኳቸው። ለጾም የሚሆን ጥሩ ብስኩት ሞልቷል። ይሄኛው የአያትየው ነው፤ እሳቸው በጻፉት ቅቤ ይሠራ። መጠበቅ እችላለሁ፤ ገናን ስንጠብቅ ነው ያደግነው።

አማቴም መልሱ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ከተጋገረው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ለብቻ ይሞላሉ። በየድርድሩ መሃል የመጋገሪያ ወረቀት ያነጥፋሉ፣ ክዳኑ ላይ "7 ጃንዋሪ" ብለው ይለጥፉና ቀዝቃዛው ምድር ቤት ያስቀምጡታል። ልጆቹ እንኳ ያንን ሳጥን አይነኩም።

እዚህ ክፍለ ግዛት ጃንዋሪ 6 የሦስቱ ነገሥታት በዓል ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው። ለእኔ ትልቅ በረከት ነው። ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍና ዶሮ ስሠራ እውላለሁ፣ ማታ ቤተ ክርስቲያን። ጎረቤቶቻችን የገና ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ሲያስቀምጡ የእኛ ቤት ገና ነጋ።

አማቴ ሳጥኑን ታቅፈው ይመጣሉ። ዶሮ ወጡ ይበላል፤ እንቁላሉን ይወዱታል፣ ሁልጊዜ ሁለት አወጣላቸዋለሁ። ከዚያ ቡና ይፈላል፣ ክዳኑ ይከፈታል። ኪፕፈርል ሰንበት ሲል ቫኒላው ይበልጥ ይገባዋል ይላሉ። እኔ በዕለቱ የተጋገረውን ቀምሼው ስለማላውቅ የማወዳድርበት የለኝም፤ የማውቀው ይሄንን ሳምንታት የቆየውን ነው፣ እሱም አፍ ላይ ይሟሟል። አማቴ እኔ ሳልቀምስ አንድም አያነሡም። "ዘንድሮስ እንዴት ነው?" ይሉኛል፣ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው።