ካታማሪን ያገኘሁት ፒያሳ ነው

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ዝናብ ያዘኝና አንዲት ጌም ቤት ገባሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ልጆቹ ሁሉ እግር ኳሱ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ጥግ ላይ ያለችው አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ግን ባዶዋን ነበረች። ውስጧ ያለው ዲስክ ካታማሪ ዳማሲ የሚባለው ጌም! ስለሱ ካነበብኩ ዓመታት አልፈዋል፣ በእጄ ግን ነክቼው አላውቅም ነበር።

ጌሙ ውስጥ የጠፈር ንጉሥ ከዋክብትን ድራሻቸውን ያጠፋል፣ ትንሹ ልዑል ልጁ ደግሞ የምታጣብቅ ኳስ እያንከባለለ ምትክ ይሰበስባል። መጀመሪያ ላጲስ፣ ቀጥሎ ድመት፣ ላም፣ ሰው፣ ኋላ ላይ ሕንጻ። ከአቅሟ በላይ የሆነ ነገር ከገጨች ያነሳችው ይረግፋል፣ ስለዚህ የቱን ላስቀድም ብለህ ማሰብ አለብህ።

በ2004 እ.ኤ.አ. ናምኮ የሚባለው ኩባንያ ሲያወጣው ሐያስያን በጣም ነው የወደዱት፤ የሐያስያንን ነጥብ የሚያሰባስበው ድረ ገጽ ሜታክሪቲክ ላይ ከ100 86 አለው። ቶሎ ያልቃል ያሉ ነበሩ፣ ካሜራውንም የወቀሱ አሉ። በካሜራው እስማማለሁ፤ ግድግዳ ስር ስገባ ምንም አይታየኝም። አጭር ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። አሜሪካ ውስጥ እኮ አዳዲስ ጌሞች 50 ዶላር ገደማ ሲሸጡ እሱ 20 ነበር! በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከመጀመሪያዎቹ 14 ጌሞቹ አንዱ አድርጎ ወሰደው። ይገባዋል።

አጠገቤ የቆመ አንድ ትንሽ ልጅ "ጋሼ፣ ላሟን! ላሟን አንሳት!" ይለኛል። ላሟ ተጣብቃ ስትሽከረከር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጆይስቲኩን ሰጠሁት። ዝናቡ ካባራ በኋላም ቁጭ ብዬ እሱን ሳይ ቆየሁ።