በዜማ የሚያዝ ሰልፍ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ሰላማዊ ሰልፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዋይት ሀውስ ፊት ለፊት በሚገኘው የላፋዬት አደባባይና በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ በብርድም በሐሩርም ቆመናል፤ ባንዲራ ይዘን መፈክር አሰምተናል፤ በማግስቱም ድምፃችን ተዘግቶ ዝንጅብል በማር ስንጠጣ ውለናል። መዝሙር ለሰልፍ ጌጥ ሳይሆን ሰልፉን ራሱን የሚያቆም ምሰሶ መሆኑን የተረዳሁት ግን ከወገኖቼ ጋር ሆኜ አይደለም። የተረዳሁት በሜሪላንድ በምኖርበት ሰፈር፣ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ ከሥራ መልስ ለሰልፍ የሚሆን ዜማ ከሚለማመዱ ጎረቤቶቼ ዘንድ ነው።

ልምምዱን የሚመሩት በጆርጂያ ግዛት ያደጉ አንዲት አዛውንት ናቸው። የዜማ ወረቀት አያድሉም፤ ወረቀት ያየ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰው አያይም ይላሉ። እሳቸው አንድ ስንኝ ያወጣሉ፣ እኛ እንቀበላለን፤ እግራችን መሬቱን እኩል እስኪመታ ድረስ ያንኑ ስንኝ ይደጋግሙታል። ከዚያ ቀኝ እጃችንን በግራችን ላይ አሳልፈን የግራና የቀኝ ጎረቤቶቻችንን እጅ እንድንይዝ ያዝዙናል። ይህ አያያዝ ትከሻን ከትከሻ ያገጥማል፤ ከመካከል አንድን ሰው ገፍትሮ ማውጣትም ቀላል አይሆንም። አንዱ ተለማማጅ ፖሊስ መስሎ ፊታችን እየጮኸ ሲያልፍ መልሱ የሚቀጥለውን ስንኝ ማንሣት ብቻ ነው። «እየዘመረ የሚሳደብ ሰው አይቼ አላውቅም» ብለውናል፤ እውነትም አፍ ሥራ ከያዘ ለስድብ ጊዜ የለውም፣ የትንፋሹ ልክ ከሌላው ጋር የተሳሰረ ሰውም ብቻውን ተነጥሎ ለመሮጥ አይቸኩልም።

ይህ ትምህርት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ኦልባኒ መመለስ ያስፈልጋል። በጆርጂያ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1961 መገባደጃ ላይ የዘር መድልዎን የሚቃወም እንቅስቃሴ ሲጀመር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ታስረዋል። በዚያ ወቅት በከተማዋ የጥቁሮች ኮሌጅ ተማሪ የነበረችው በርኒስ ጆንሰን፣ በኋላ በርኒስ ጆንሰን ሬገን ተብላ የታወቀችው፣ በሕዝብ ስብሰባ ላይ መዝሙር እንድታወጣ ስትጠየቅ አንድ የቆየ መንፈሳዊ ዜማ አነሣች፤ ነገር ግን «መከራ» የሚለውን ቃል አውጥታ በቦታው «ነፃነት» አስገባች። ሕዝቡ ዜማውን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው አዲሱን ቃል ለመቀበል ማንም ሊያስተምረው አላስፈለገም። እሷ በሰልፉ ምክንያት ታሰረች፣ ከኮሌጁም ተባረረች፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር «የነፃነት ዘማሪዎች» የተባለውን ቡድን ይዛ አገሪቱን እየዞረች ለትግሉ ገንዘብ ሰበሰበች።

ከኦልባኒው እንቅስቃሴ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1961 በጋ ደግሞ፣ በአውቶቡስ ተሳፍረው መድልዎውን የተቃወሙ ወጣቶች በሚሲሲፒ ፓርችማን በተባለው እስር ቤት ታጉረው ነበር። ጠባቂዎቹ መዝሙሩን ካላቆማችሁ ፍራሻችሁን እንወስዳለን አሉ፤ ወጣቶቹ ዘመሩ፣ ፍራሹም ተወሰደ፣ እነሱም በብረት አልጋ ላይ ተኝተው ቀጠሉ። ከዚያም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1959 በቴኔሲ ተራሮች በሚገኘው የሃይላንደር ማሠልጠኛ ፖሊሶች በሌሊት ወርረው ሲገቡ፣ በጨለማ ውስጥ የተቀመጡ ወጣቶች በሚታወቀው «እናሸንፋለን» ዜማ ላይ «አንፈራም» የሚል አዲስ ስንኝ ጨምረው ነበር። ይህ ዜማ ራሱ ወደ ሃይላንደር የመጣው በደቡብ ካሮላይና የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1945 እና በ1946 አድማ በመቱበት ጊዜ ከተሰለፉበት መንገድ ላይ ነው። የነዚያ አድማ መቺዎች ብዙዎቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ።

እርግጥ ነው፣ መዝሙር ብቻውን ከተማ አያስለቅቅም። የኦልባኒው የፖሊስ አዛዥ ሎሪ ፕሪቼት ሰላማዊ ትግልን አስቀድሞ አጥንቶ፣ ፖሊሶቹን ከዱላ ከልክሎ፣ እስረኞችን ወደ ጎረቤት አውራጃዎች በትኖ እንቅስቃሴውን ሊያደክመው ችሏል። ሆኖም በዚያ የሰለጠነው ሕዝብና በዚያ የተሠራው ዜማ በ1963 ወደ በርሚንግሃምና ወደ ዋሽንግተን ተጓዘ፤ የዜጎች መብት ሕግ በ1964 ወጣ፣ የድምፅ መስጠት መብት ሕግ በ1965 ተከተለ፣ በዚሁ ዓመት ጥቅምት ላይም ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሰዎችን በትውልድ አገራቸው ኮታ የሚለየውን የኢሚግሬሽን ሕግ በሚሽረው አዋጅ ላይ ፈረሙ። በአሮጌው ኮታ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። እኔን የመሰለ በዕጣ የመጣ ሰው ታዲያ አረንጓዴ ካርዱን ሲያይ የእነዚያን ፍራሽ የተነጠቁ ወጣቶች ውለታ ቢያስብ አይበዛበትም።

ወደ ራሳችን ስመለስ፣ ዜማ አውጥቶ መቀበል ለእኛ ማን ሊያስተምረን ይችላል? ሠርጉ፣ ደቦው፣ የጥምቀቱ ጭፈራ ሁሉ በአውጪና በተቀባይ የሚሄድ ነው። ችግሩ፣ ባለሥልጣንን ፊት ለፊት ስንገጥም ከዚህ ሀብት የምናነሣው ሽለላውንና ቀረርቶውን መሆኑ ይመስለኛል። የተማሪዎቹ ንቅናቄ እንኳ በአደባባይ ከዘመራቸው ሁሉ ጎልቶ የሚታወሰው «ፋኖ ተሰማራ» ነው፤ የጦር ጥሪ እንጂ የሰላማዊ ሰልፍ ዜማ አይደለም። ለኦልባኒው መንፈስ ይበልጥ የሚቀርበው፣ በክፉ ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ 41 ጊዜ እግዚኦ የሚልበት ምህላ ነው፤ ማንንም አይረግምም፣ ማንንም አያስፈራራም፣ ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲጮኽ የሰማ አላፊ አግዳሚ ቆሞ ማዳመጡ አይቀርም።

ይህን ሐሳብ ለሰልፍ አስተባባሪ ጓደኞቼ ባቀረብኩ ጊዜ፣ አንዱ «ሰልፍ ነው ወይስ ሠርግ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከሳቁ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ቀላል አልነበረም፦ በማን ቋንቋ፣ በየትኛው ሃይማኖት ዜማ፣ የማን ዘፈን? ከብዙ ክርክር በኋላ፣ ስንኙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተራ በተራ እንዲወጣ፣ ተቀባዩም ቃል የሌለው አጭር ዜማ ብቻ እንዲመልስ ተስማማን፤ ከየትኛውም ቤት የመጣ ሰው ሊቀበለው ይችላልና። ልምምዱ በአንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል፣ እንግዳ በሚያንስበት ማታ ማታ ይካሄዳል። አስተናጋጇ እንኳ ስኒውን እየሰበሰበች መቀበል ጀምራለች። አውጪው ማን ይሁን በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ ሁሉም አውጪ መሆን ይፈልጋል።