ስለ መጽሐፉ የጠየቀኝ የለም

ልብ ወለዴ ለንባብ ከበቃ ወዲህ ስሜ መጽሐፉን ጥሎት ከተማውን እየዞረ ነው። ሬዲዮ ጠራኝ፣ ቴሌቪዥን ጠራኝ፣ አንድ የዩቲዩብ ጣቢያም ቤቴ ድረስ መጥቶ ሳሎኔ ውስጥ መብራት ተክሎ ቀረጸኝ። ጥያቄው የትም አንድ ነው። ለመጻፍ ምን አነሳሳዎት? ታሪኩ እውነተኛ ነው? ዋናዋ ገጸ ባሕርይ እርስዎ ነዎት? የሬዲዮው ልጅ ትሁት ነው፣ ግን ከጀርባው አስተያየት አልፎ እንዳላነበበ ያስታውቃል። አልፈርድበትም። ለጥቂት ደቂቃ ቆይታ ያን ሁሉ ገጽ አንብብ ብሎ ጊዜ የሚሰጠው አለቃ የለውም።

የመጽሐፉ ምረቃ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ነበር። ማሲንቆ ተመታ፣ ግጥም ተነበበ፣ የክብር እንግዳው ተነሥተው የንባብ ባህላችን ሞቷል ሲሉ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። መጽሐፍ ሊገዛ ለመጣ ሰው ይህን መንገር ምን ይሉታል? ከመጽሐፉ የቀረበችው ቅምሻ መርሐ ግብሩ ስለ ረዘመ ከግማሿ ተቆረጠች። ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ ፎቶ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ግን የጎረቤት ልጆች ይመስል ታማቸው ነበር፤ የጉዱ ካሳ ነገርማ ሲነሣ ሳቋ አይቆምም። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ቤት የገባው ግን በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። እናቴ ደራሲው ምን እንዳነሳሳቸው አልጠየቀችም። እሷን ያሳሰባት ፊታውራሪ መሸሻ ቀጥሎ የሚያደርጉት ነገር ነበር። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ምን ማስታወቂያ አለ? መጽሐፉ ራሱ ተነበበ፣ አለቀ።

ይህን ሁሉ የሚያስወራኝ ሰሞኑን የደረሰ ነገር ነው። አከፋፋዬ በንዴት ደወለልኝ። "እህቴ፣ ተሰርቀናል!" አንዲት ልጅ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ተርካ ቴሌግራም ላይ ለቃዋለች። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከእኔ ጋር ነው፤ ያለ ፈቃዴ ማባዛትም ማሰራጨትም አይቻልም። እንክሰሳት አለ። መጀመሪያ ልስማት አልኩት።

ሰማኋት። ምልልሱ ላይ ትቸኩላለች፣ የገጠሩን ሰው አነጋገር አዲስ አበባ አድርጋዋለች። አባትየው ፍርድ ቤት ተረትቶ ሲመለስ ግን ዝም አለች፤ እኔ ሦስት ነጥብ ብቻ ያኖርኩበት ቦታ ላይ እሷ ትንፋሿን ዋጠች። ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት አንድ በአንድ አነበብኩት። "ሚስቱ ታውቅ ነበር እንዴ?" "ወንድሙን አላመንኩትም።" "ክፍል ሁለት መቼ ነው?" ስለ እኔ አንድም ቃል የለም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ መጽሐፍ የሚያዞረው ልጅም ሳየው፣ "እናቴ፣ ያቺን የምትተረከዋን አምጣ እያሉኝ ነው" አለኝ። ርእሱን እንኳ አያውቁትም።

ለልጅቷ ደወልኩላት። ስሜን ስነግራት ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ጸጥ አለች። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምዕራፍ በፈቃዴ ትተርካለች፣ የቀረውን የፈለገ ገዝቶ ያነባል፤ በዚህ ተስማማን። አከፋፋዬ አኩርፏል። ገበያውን በነጻ በትነሽው ነው የሚለው፣ እኔ ደግሞ ያኮረፈው ክሱ ስለ ቀረበት ይመስለኛል።

ነገ ጠዋት ሌላ ሬዲዮ ላይ ቀጠሮ አለኝ። አዘጋጁ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ላከልኝ፤ አንደኛው "ለመጻፍ ምን አነሳሳዎት?" ነው። ጥያቄው ይቅርና የሚሰጠኝን ደቂቃ በሙሉ ላንብብበት አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር አድርገን አናውቅም፣ አለቃዬን ልጠይቅ ብሎኛል።